«ፕሮሎግ» የሚል የሥራ ማስታወቂያ የለም፤ ርዕሴን ልቀይር?

እህቴ፣ ከደብረ ማርቆስ የላክሽው ጥያቄ ደርሶናል። የአራተኛ ዓመት የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነሽ፤ የመመረቂያ ሥራሽ መልሱ እንደ አውዱ የሚለያይ የሎጂክ ጥያቄ የሚፈታ ፕሮግራም ነው። ርዕሱ ከፕሮሎግ፣ ማለትም የሎጂክ ደንብና ጥያቄ ከሚጻፍበት የፕሮግራም ቋንቋ፣ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሥራ እንዳያሳጣሽ ሰግተሻል።

ርዕሱን አትቀይሪ። የብድር መመዘኛ፣ የግብር ስሌት፣ የመድን ካሳ ሁሉም እንደ ሁኔታው የሚለዋወጡ ደንቦች ናቸው፤ ቀጣሪ የሚቸገረው እነሱን በትክክል የሚጽፍለት ሰው በማጣት ነው።

ፕሮግራሙን በፓይተን ራስሽ ጻፊው። ደንቡን የሚያነብ ፓርሰር፣ ሁለት አገላለጾችን የሚያዛምድ ክፍል፣ አንዱ መንገድ ሲከሽፍ ተመልሶ ሌላውን የሚሞክር ክፍል፣ አውዱን የሚይዝ ስታክ (መጨረሻ የገባው መጀመሪያ የሚወጣበት ክምር) ይበቁሻል። ሦስቱ በየመማሪያ መጽሐፉ አሉ። የሚያስቸግረው አራተኛው ነው።

የጮቄን አካባቢ ውሰጂ። በደጋ አውድ «ዋና_ሰብል(ገብስ)»፣ በወይና ደጋ «ዋና_ሰብል(ጤፍ)» ብለሽ መዘገብሽ እንበል። በደጋ ስትጠይቂ ገብስ ይላል፤ እንዲፈጥንልሽ መልሱን ካሽ አደረግሽው፤ ማለትም ዳግም ሳይሰላ እንዲገኝ አስቀመጥሽው። ቀጥለሽ በወይና ደጋ ስትጠይቂ አሁንም ገብስ! መልሱ የተቀመጠው በጥያቄው ብቻ ስለሆነ ነው። የካሹ ቁልፍ (የተቀመጠው መልስ የሚፈለግበት መለያ) ጥያቄውንም አውዱንም ይያዝ።

ሌላው ስህተት ቶሎ አይታይም። አንድ ደንብ ወደ ወይና ደጋ አውድ ገብቶ መሃል ላይ ሲከሽፍ፣ ፕሮግራሙ ተለዋዋጮቹን (ዋጋ የሚሰጣቸውን ስሞች) ነጻ አድርጎ አውዱን ሳይመልስ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ ያለው መልስ ሁሉ የተሳሳተ ቦታ መልስ ይሆናል። አማራጭ ባለበት ቦታ ሁሉ አውዱንም አብረሽ መዝግቢ። በታፕል (ከተሠራ በኋላ በማይለወጥ የፓይተን ዝርዝር) ከያዝሽው ወደ ቀድሞው መመለስ ቀላል ነው።

ውጤትሽን በኤስደብሊውአይ ፕሮሎግ (አንዱ የፕሮሎግ ሥሪት ነው) አመሳክሪ። እዚያ ተለዋዋጭ የሚጀምረው በትልቅ ፊደል ወይም በታች ሰረዝ ነው፤ ፊደላችን ደግሞ ትልቅና ትንሽ የለውም። «ዋና_ሰብል(ሰብል)» ብትዪው «ሰብል»ን እንደ ቋሚ ስም ወስዶ ሐሰት ይልሻል፣ ስህተት አለ ብሎም አይነግርሽም። «_ሰብል» ብለሽ ጻፊው።

ሲቪሽ ላይ «እንደ ደንበኛው ሁኔታ የሚለዋወጡ ደንቦችን የሚፈታ ፕሮግራም፣ ከነቴስቶቹ» በይ። ቢያንስ 30 ቴስት (የፕሮግራሙን መልስ ከሚጠበቀው ጋር የሚያነጻጽር ፍተሻ) ይኑረው፤ ግማሾቹ አንድን ጥያቄ በሁለት አውድ የሚጠይቁ ይሁኑ። ጎን ለጎን ኤስኪውኤል የተባለውን የመረጃ ቋት መጠየቂያ ቋንቋ አጥኚ፣ በተለይ ራሱን የሚጠራ መጠይቅ፤ ሐሳቡ ከያዝሽው ርዕስ ጋር ቅርብ ነው።

ባሕር ዳርም ሆነ አዲስ አበባ ለቃለ መጠይቅ ስትጠሪ ያን የገብስና የጤፍ ስህተት በወረቀት ሥለሽ አስረጂ። ቴስቱ መጀመሪያ ሲወድቅ፣ ካስተካከልሽው በኋላ ሲያልፍ የሚያሳየውን ውጤት አትመሽ ያዢ፤ ኔትወርክ ላይ አትተማመኚ።