ስለ ጡት እብጠትና አልትራሳውንድ የጠየቃችሁኝ

በአልትራሳውንድ ክፍል ዓመታት ሠርቻለሁ። የላካችኋቸውን ጥያቄዎች አሳጥሬ አቀርባለሁ፤ የማውቀውንም እነግራችኋለሁ።

24 ዓመቴ ነው። ጡቴ ላይ እብጠት አገኘሁ። ሐኪሙ ግን ማሞግራም (የጡት ራጅ) ሳይሆን አልትራሳውንድ አዘዘልኝ። ለምን?

አይዞሽ፣ ልክ ነው። ከ30 ዓመት በታች በአልትራሳውንድ ነው የሚጀመረው። የወጣት ጡት ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ማሞግራም ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል። እብጠቱም ነጭ ነው፤ ስለዚህ እዚያው ውስጥ ይደበቃል። አልትራሳውንድ በድምፅ ሞገድ ነው የሚሠራው፣ ጨረር የለውም። ከ40 ዓመት በላይ ሲሆን ግን አብዛኛውን ጊዜ ማሞግራም ይቀድማል።

ምስሉ ላይ ምኑን ነው የምታዩት?

በቅድሚያ ውሃ ነው ወይስ ጠጣር የሚለውን። ውሃ የቋጠረ ከረጢት፣ ሲስት የምንለው፣ ድፍን ጥቁር ነው። ጠርዙ ስስና ጥርት ያለ ነው። ከሥሩ ያለው ሥጋ ደመቅ ይላል፤ ሞገዱ ውሃውን ሳይደክም ስለሚያልፍ። ይህን ሳይ ቀለል ይለኛል። ታካሚዋን ካላመማት ሕክምናም አያስፈልጋትም።

ጠጣር ከሆነ ቅርጹን አጠናለሁ። ሞላላ፣ ጠርዙ ለስላሳ፣ ወደ ጎን የተጋደመ ከሆነ ብዙ ጊዜ ፋይብሮአዴኖማ ነው፤ ካንሰር አይደለም። ወደ ጥልቀት የቆመ፣ ጠርዙ እሾሃማ፣ ከሥሩ ጥላ የሚጥል ከሆነ ግን ያሳስበኛል። ያኔ ብብትንም አያለሁ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ስለካ ዝም እላለሁ። ዝም ያልኩት መጥፎ ነገር አይቼ ነው ብላችሁ አትጨነቁ።

ወረቀቱ «ባይራድስ 3» ይላል። ሦስተኛ ደረጃ ካንሰር ነው?

አይደለም እህቴ! ይህ ቁጥር የካንሰር ደረጃ ሳይሆን ምስሉ ምን ያህል እንደሚያጠራጥር የሚነግር ነው። 3 ማለት ካንሰር የመሆን ዕድሉ ከ2 በመቶ አይበልጥም ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ ከ6 ወር በኋላ ይደገማል። ቀጠሮውን ግን እንዳትረሺው። 4 ወይም 5 ከሆነ ከእብጠቱ በመርፌ ናሙና እንዲወሰድ ይመከራል።

አልትራሳውንዱ «ምንም የለም» አለኝ። እጄ ግን እብጠቱን ያገኘዋል።

ይህን ጥያቄ ሳነብ ልቤ ይነካል፤ ብዙዎች «ነጻ ነሽ» ሲባሉ ዝም ብለው ወደ ቤት ይሄዳሉና። ምስሉ ንጹህ መሆኑ ብቻውን አይበቃም። የሐኪም ምርመራ፣ ምስልና ካስፈለገም ናሙና አብረው ነው የሚታዩት። ጥቃቅን የካልሲየም ነጠብጣቦችን ለምሳሌ ማሞግራም ነው አጉልቶ የሚያሳየው። ስለዚህ ጄሉ ከመቀባቱ በፊት ቦታውን በጣትሽ አሳዪ። ቁጭ ብለሽ ያገኘሽው እብጠት ስትጋደሚ ሊጠፋ ይችላል፤ እኔ እንደዚያ ሲሆን ቁጭ አድርጌ ነው የማየው። እብጠቱ አሁንም ካለ ሐኪምሽ ጋ ተመለሺ፣ ደግመሽም ተናገሪ።

እያጠባሁ ነው። መታየት እችላለሁ?

በደንብ ትችያለሽ፤ እርጉዝም ትችላለች። ከመምጣትሽ በፊት ልጅሽን አጥቢ፣ ጡቱ ሲቀል ለማየትም ይመቻል።

መርፌ ከነካው ካንሰሩ ይሰራጫል ይባላል። እውነት ነው?

ብዙ ሰው በዚህ ፍርሃት ሲዘገይ አይቻለሁ። ናሙና መውሰድ በሽታውን አያባብስም። ቦታው ይደነዝዛል፣ መርፌው የት እንደደረሰ በአልትራሳውንዱ እያየን ነው የምንወስደው። መዘግየቱ ነው የሚጎዳው።

ወንድ ነኝ፣ ከጡቴ ጫፍ ሥር ጠንከር ያለ ነገር አለ።

ብዙ ጊዜ በሆርሞን ምክንያት የሚያድግ የጡት ሥጋ ነው። ግን የጡት ካንሰር ወንድንም ይይዛል። ሳታፍር ሄደህ ታይ።