«ቲቸር፣ እሱ እኮ ድግር ነው!»፦ የአዳዲስ የግብርና መምህራን ጥያቄዎች

በአዲሱ ስርዓተ ትምህርት ግብርና ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል ራሱን ችሎ ከገባ ወዲህ ለማስተማር ልምምድ ወደ አዲስ አበባ ዙሪያ የሚወጡ ሰልጣኝ መምህራን ጥያቄ በዝቶብኛል። ዛሬ ጥቂቱን ላቃልል። አንዱ ጥያቄ ከወላጅ የመጣ ነው። እሱንም ሰልጣኞች ቢያነቡት ደስ ይለኛል።

«ጋሼ፣ ተወልጄ ያደግኩት ጉለሌ ነው። የተመደብኩት ሆለታ አካባቢ ነው። ሞፈርና ቀንበር ነክቼ አላውቅም። የገበሬ ልጆች አይስቁብኝም?»

ይስቁብሃል። እኔም ላይ ስቀዋል። በመጀመሪያ ዓመቴ ሰሌዳው ላይ የበሬ እርሻ ዕቃ ሳልኩ። ማረሻ፣ ሞፈር፣ ቀንበር፣ እርፍ እያልኩ ቀስት እያወጣሁ ጻፍኩ። ከኋላ አንዱ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ እርፍ ያልከው እሱ እኮ ድግር ነው! በሱ ከያዝከው የምትታረሰው አንተ ነህ።» ለካ ገበሬው የሚይዘው እጀታ እርፍ ነው፣ ድግር ደግሞ ከማረሻው ግራና ቀኝ ሆኖ አፈሩን የሚገፋው እንጨት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ላቤ ጠብ አለ። ምን ላድርግ፣ ጠመኔውን ሰጠሁት። ስዕሉን አረመልኝ። ወገሉን፣ ማያያዣውን የብረት ቀለበት፣ ጭራሽ ረስቼው ነበር፣ እሱንም ጨመረ።

ከዚያ በኋላ ማስመሰል ተውኩ። እነሱ የሚያውቁት አለ፣ አንተ የምታውቀው አለ። ለምሳሌ በዚያ በኩል ባለው ደጋ አንዳንድ ገበሬ ሳር የበዛበትን ጓል ይከምርና ደረቅ እበት አስገብቶ ያጋየዋል። በላዩ ላይ ገብስ ይዘራል። ልጆቹ እንዴት እንደሚጋይ ከአንተ በላይ ያውቃሉ። ገብሱ መጀመሪያ ለምን እንደሚያምር፣ በኋላ ለምን መሬቱ እንደሚደክም ግን ሰምተው ላያውቁ ይችላሉ። ሙቀቱ ፎስፈረሱን ይለቀዋል፣ አፈሩን የሚያለማውን ብስባሽ ግን አብሮ ይበላዋል። ይህን ስትነግራቸው ፊታቸውን እየው።

ሌላም ልጨምርልህ። የሆለታ ቀይ አፈር ብዙ ቦታ አሲዳማ ነው። ፒኤቹ (የአሲድነቱ መለኪያ፣ ሲወርድ አሲዱ በዛ ማለት ነው) ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየሙ ፎስፈረስን አስሮ ይይዛል፣ ሥርም ያቀጭጫል። ገበሬው «ማዳበሪያ ጨምሬ ምን አገኘሁ?» የሚለው አንዳንዴ ለዚህ ነው። መልሱ ኖራ ነው። ከመዝራት ሳምንታት ቀድሞ ይበተናል፣ ከአፈሩ ጋር ይታረሳል። የግብርና ምርምር ማዕከሉ እዚያው ሆለታ ስላለ ተማሪዎችህን ይዘህ ለመጎብኘት ፈቃድ ጠይቅ።

«ኦሮምኛ አልችልም። ሱሉልታ ነው የደረሰኝ። መጽሐፉ እንግሊዝኛ ስለሆነ ችግር የለውም አይደል?»

አለው እንጂ! የተማሪዎችሽን አባቶች ማሳ ሳታዪ ግብርና ማስተማር አይቻልም። አባቶቹን ደግሞ በመጽሐፉ እንግሊዝኛ አታናግሪያቸውም። ዛሬ ጀምሪ። ለፋ መሬት ነው፣ ቢሻን ውሃ፣ ገርቡ ገብስ፣ ቀመዲ ስንዴ፣ ሎን ከብት። ለአዛውንት «አከም ጅርቱ» ብለሽ በአክብሮት ሰላምታ ስጪ። የቀረውን ልጆቹ እየሳቁ ያስተምሩሻል።

«ልጄ ባረፈደ ቁጥር ትምህርት ቤቱ የአትክልት ቦታ ያስቆፍረዋል። እኔ ያስተማርኩት ከቁፋሮ እንዲገላገል ነበር። ምን ይሻላል?» (ወላጅ፣ ከሰበታ)

በመጀመሪያው ነገር ሙሉ በሙሉ እርስዎ ትክክል ነዎት። ጠዋት ላረፈደ ዶማ፣ ለረበሸ ዶማ። ከዚያ በአራተኛው ክፍለ ጊዜ የግብርና መምህሩ ይመጣና «ዛሬ የአትክልት መደብ እናዘጋጃለን» ይላል። ልጁ ምን ይሰማዋል? የተቀጣ ነው የሚመስለው። ፊዚክስ መምህሩ ያረፈደን ልጅ «ና የኒውተንን ሕግ አስላ» ብሎ ሲቀጣ አይቼ አላውቅም።

ሰልጣኞች፣ ይሄን ስሙኝ። በምትመደቡበት ትምህርት ቤት ዶማው የቅጣት ዕቃ ከሆነ በመጀመሪያው ሳምንት ርዕሰ መምህሩን በትህትና አናግሩ። እሺ ካላሉ ቢያንስ የእናንተን መደብ ቅጣት እንዳይነካው ለምኑ። እኔ አንድ ዓመት ሙሉ ለምኜ ነው ያገኘሁት። የቆስጣ መደቤን የሚቆፍሩት ፈልገው የመጡ ብቻ ሲሆኑ፣ ወር ሳይሞላ ሰልፍ ሆነ።

በሁለተኛው ነገር ግን አልስማማም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ግብርና ማለት ቁፋሮ ብቻ አይደለም። እንቁላል በ21 ቀን ጫጩት እንዲሆን ሙቀትና እርጥበት መቆጣጠር ግብርና ነው። የላም ቀለብ ወጪን ከወተቱ ገቢ ጋር ማስላትም ግብርና ነው። ልጅዎ ይማረው።

«ለገጣፎ ያለው ትምህርት ቤት ግቢው ሊሾ ነው። አንድ ካሬ አፈር የለም።»

ከረጢት አለ አይደል? (ማዳበሪያ ስንል ከረጢቱንም የሚያለማውንም እንላለን፣ እዚህ ሁለቱም ያስፈልጉሃል።) አፈርና ብስባሽ ሙላበት፣ ቆስጣና ሐበሻ ጎመን ይወጣልሃል። ብስባሹን ከምግብ ቤት ትርፍራፊ፣ ከደረቅ ቅጠልና ከእበት ደርድረህ እዚያው ጥግ ላይ አብስል። መሃሉ ላይ ረጅም እንጨት ሰክተህ በየጊዜው ንቀለው። ሞቆና ረጥቦ ከወጣ ጥሩ ነው። ቀዝቅዞና ደርቆ ከወጣ ውሃ ጨምር፣ ከሸተተ አገላብጠው አየር ይግባው።

አፈር የማይፈልግ ትምህርትም አለ። 100 ፍሬ ስንዴ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉ፣ ከሳምንት በኋላ የበቀለውን ቁጠሩ። መቶኛው እዚያው ወጣ። ከዚያ ወደ ጤፍ እለፍ። አንድ ግራም ጤፍ ወደ 3,000 ፍሬ ነው። በእጅ ሲበተን ለሄክታር ከ25 እስከ 30 ኪሎ ይሄዳል፣ በመስመር ሲዘራ 5 ኪሎ ገደማ ይበቃል። ልዩነቱ ስንት ፍሬ እንደሆነ አስላቸው። ሒሳብ የሚጠሉትም ይቆጥራሉ።

«መምህር ልሁን ወይስ የልማት ሰራተኛ?»

የልማት ሰራተኛው አባትየውን ያሳምናል፣ መምህሩ ልጁን። ትዕግስትህ ከየትኛው ጋር እንደሚያዛልቅህ አንተ ታውቃለህ። እኔ አዋቂን ማሳመን አይሆንልኝም።

«አቃቂ በኩል ነኝ። በሐምሌ ማሳ ለማስጎብኘት ምን ጫማ ይሻላል?»

ቦቲ። ስኒከር አድርገሽ ዋልካ አፈር ውስጥ እንዳትገቢ፣ እግርሽ ይወጣል፣ ጫማው ይቀራል። አንድ ቁጥር ከፍ አድርገሽ ግዢና ወፍራም ካልሲ ደርቢ። ጭቃውን ደግሞ ሳይደርቅ እጠቢው።