ጥሪው በ32 ሰከንድ ለሚቆረጥበት ወንድማችን፦ ሰርቨሩን ደግመህ ፎርማት አታድርግ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። ካዛንቺስ ያለ ቢሮ፣ 18 ስልክ፣ ፍሪፒቢኤክስ (የቢሮውን ስልክ የሚመራው ሶፍትዌር) ከፒኤፍሴንስ (ፋየርዎሉ) ጀርባ፣ በፋይበር የመጣ የሲፕ ትራንክ (በኔትወርክ የሚመጣ የስልክ መስመር)። ከውጭ ሲደወል ይጠራል፣ ደንበኛው እናንተን ይሰማል፣ እናንተ ግን እሱን አትሰሙም፤ ከዚያ ግማሽ ደቂቃ ገደማ ሲሆን ይቆረጣል። ፖርት ከፍተህ አልተስተካከለም፣ እንደገና ጭነኸው አልተስተካከለም። የሶፍትዌሩ ችግር አይደለማ። የአድራሻ ችግር ነው።

ስልኩ ሲነሣ ሰርቨርህ ለአቅራቢው «200 ኦኬ» («ስልኩ ተነሥቷል» ማለት ነው) ይልካል፤ አቅራቢው ደግሞ «አክ» («ደርሶኛል») ብሎ መመለስ አለበት። አክ ካልደረሰ አስተሪስክ (ፍሪፒቢኤክስ ውስጥ ጥሪውን የሚያስኬደው ሞተር) 200 ኦኬውን እየደጋገመ ይልክና 32 ሰከንድ ሲሞላ ተስፋ ቆርጦ ይዘጋል። ቁጥሩ የሲፕ ሕግ ነው፤ 500 ሚሊሰከንድ በ64 ሲባዛ ማለት ነው። ስለዚህ ጥሪ ሁልጊዜ እዚያው ሰዓት ላይ ከተቆረጠ ኢንተርኔቱን አትውቀስ። አቅራቢው መልስ የሚልክበት አድራሻ ተሳስቷል ማለት ነው። ድምፁም የሚጠፋው በዚያው ምክንያት ነው።

1. ምንም ከመንካትህ በፊት እይ። በኤስኤስኤች (ከርቀት በጽሑፍ ትእዛዝ መግቢያው) ሰርቨሩ ውስጥ ግባና ኤስኤንግሬፕን (የሲፕ መልእክቶችን የሚያሳየውን ፕሮግራም) አስነሣ፤ ከሞባይልህ ወደ ቢሮ ደውል፣ ጥሪውን መርጠህ 200 ኦኬውን ክፈት። ሁለት ቦታ ተመልከት፦ «ኮንታክት» የሚለውን መስመርና ከታች «ሲ» (c) በሚለው የእንግሊዝኛ ፊደል የሚጀምረውን። እዚያ ላይ 192.168 ብሎ የሚጀምር የቢሮህ አድራሻ ካለ ሰርቨሩ ራሱን በውስጥ አድራሻው እያስተዋወቀ ነው። የኢንተርኔት አድራሻህ ካለ ደግሞ አብዛኛው ሰው የሚወድቅበት ወጥመድ ውስጥ ነህ፤ ያንተም ይኸው ይመስለኛል።

ወጥመዱ ይህ ነው። አብዛኞቹ የውጭ አገር መመሪያዎች «በሲፕ ሴቲንግ ገጽ ላይ ኔትወርኩን ፈልግ የሚለውን ቁልፍ ተጫን፣ የውጭ አድራሻህን ይሞላልሃል» ይላሉ። ለእነሱ ልክ ነው፤ ትራንካቸው የሚመጣው በኢንተርኔት ነው። እኛ ዘንድ ግን ብዙ ጊዜ በአንዱ ፋይበር ላይ ሁለት ቪላን (በአንድ ገመድ ውስጥ የተለያየ ኔትወርክ) ነው የሚገባው፦ አንዱ ኢንተርኔት፣ ሌላው ለስልክ ብቻ የተለየ፣ በ10 የሚጀምር የግል አድራሻ ያለው። ያንን ቁልፍ ስትጫን ሰርቨርህ ለስልኩ ኔትወርክ የኢንተርኔት አድራሻህን ይሰጠዋል። የስልኩ ኔትወርክ ወደ ኢንተርኔት መውጫ ስለሌለው ድምፁም አኩም መንገድ ላይ ይቀራሉ።

2. መፍትሔው። ሰርቨሩ ላይ ሁለተኛ የኔትወርክ ካርድ ጨምርና የስልኩን ቪላን ቀጥታ እዚያ ላይ አስገባ። ተራ የጊጋቢት ካርድ ይበቃል። ለምሳሌ አቅራቢው 10.20.30.2 ለአንተ፣ 10.20.30.1 ጌትዌይ፣ 10.50.1.10 ደግሞ የራሱን ሰርቨር አድራሻ ሰጠህ እንበል። በአዲሱ ካርድ ላይ 10.20.30.2ን ከነማስኩ ሙላ፣ ጌትዌዩን ግን አትሙላ። አንድ ማሽን ላይ ሁለት ዋና ጌትዌይ ከተሞላ ዛሬ ይሠራል፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ግን ኢንተርኔቱ ወይም ስልኩ አንዱ ይሞታል። ዋናው ጌትዌይ ፒኤፍሴንሱ ሆኖ ይቆይ። ወደ 10.50.1.10 በ10.20.30.1 በኩል የሚሄድ ቋሚ መንገድ ብቻ ጻፍ። ዴቢያን 12 ላይ ከሆንክ ኢንተርፌስ ፋይሉ ውስጥ በ«አፕ» መስመር አስገባው፤ በእጅ የተተየበ መንገድ ሪስታርት ሲደረግ ይጠፋል።

ከዚያ በሲፕ ሴቲንግ ገጽ «ሎካል ኔትወርክስ» ውስጥ የቢሮህንም፣ 10.20.30.0ንም፣ የአቅራቢውን ሰርቨር አድራሻም ጨምር። ይህ ለአስተሪስክ «ወደነዚህ ስትናገር የኢንተርኔት አድራሻውን አትስጥ» ማለት ነው። ሰብሚት፣ አፕላይ፤ ከዚያ ሙሉ ሪስታርት። አፕላይ ብቻውን የትራንስፖርት (የሲፕ አድራሻና ፖርት ቅንብር) ለውጥ አያነሣም፤ ብዙ ሰው ትክክለኛውን አስተካክሎ «አልሠራም» ብሎ መልሶ የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው። በፍሪፒቢኤክስ ፋየርዎል ደግሞ አዲሱን ካርድ «ኢንተርኔት» ዞን ላይ አድርገህ የአቅራቢውን አድራሻ ብቻ «ትረስትድ» በል።

ካርድ መጨመር ካልቻልክና ትራንኩ በፒኤፍሴንስ ማለፍ ካለበት፦ በዚያ ኢንተርፌስ ላይ «ፕራይቬት ኔትወርኮችን አግድ» የሚለውን ምልክት አንሣ። የዋን (የውጭ መስመር) ገጽ ላይ ከመጀመሪያው በርቶ ነው የሚመጣው፤ በ10 ከሚጀምር አድራሻ የሚመጣውን ጥሪ በዝምታ ይጥለዋል። መደወል ይቻላል፣ መቀበል አይቻልም። አውትባውንድ ናቱንም (የሚወጣውን አድራሻ የሚቀይረውን ክፍል) ሃይብሪድ አድርገህ፣ ፖርቱ እንዳይቀየር፣ ለሰርቨሩ «ስታቲክ ፖርት» ምረጥለት።

3. አቅራቢው ጋ ስትሄድ። እዚህ ላይ ሆዴ ይቆስላል። መስኮት ላይ የምታገኘው ሰው «መስመሩ ከእኛ በኩል ደህና ነው» ይልሃል፣ «ደብዳቤ አምጣ» ይልሃል፣ ደብዳቤውን ስታመጣ «ይህ የሌላ ክፍል ነው» ይልሃል። አንገትህን ደፍተህ አትመለስ፣ ግን በቃል አትጠይቅ። የድርጅቱ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ላይ እነዚህን ጻፍና መልሱን በጽሑፍ ጠይቅ፦ የሲግናሉና (ጥሪውን የሚያገናኘው መልእክት) የድምፁ አድራሻ አንድ ነው ወይስ የተለያየ? ማረጋገጫው በአድራሻ ነው ወይስ በይለፍ ቃል? ኮዴኩ (ድምፁ ለኔትወርክ የሚቀየርበት ዘዴ) ጂ711 ኤ-ሎው ነው ወይስ ጂ729? የሚገባው ቁጥር በ251፣ በ0 ወይስ ያለ ሁለቱም ነው የሚመጣው? ስንት ጥሪ በአንድ ጊዜ ይፈቀዳል? የመጀመሪያው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል። የድምፁ አድራሻ ከሲግናሉ ከተለየ ቋሚው መንገድ ለሁለቱም መጻፍ አለበት፤ አለዚያ ጥሪው ይገናኛል፣ ድምፅ ግን አይኖርም፣ አንተም ወደ መጀመሪያው ቦታ ትመለሳለህ። ደብዳቤውን ኮፒ አድርገህ ገቢ የተደረገበትን ቁጥር አስጽፍበት።

4. ይህን አስምርበት። 5060ን (የሲፕ ፖርቱን) ለመላው ዓለም ከፍተህ እንደነበር ጽፈሃል። ይህን መልስ አንብበህ ሳትጨርስ ዝጋው። ከ10000 እስከ 20000 ያለውንም የድምፅ ፖርት እንዲሁ። የተከፈተ 5060ን የሚያስሱ ፕሮግራሞች ሌት ተቀን ነው የሚዞሩት። ኤክስቴንሽን (የውስጥ ስልክ ቁጥር) 201 ይለፍ ቃሉ 201 ከሆነ ሰብረው መግባት አያስፈልጋቸውም፤ ይመዘገባሉ፣ ቅዳሜ ማታ ቢሮው ተዘግቶ ሳለ በ00 ጀምረው ውድ ወደሆኑ የውጭ ቁጥሮች ሌሊቱን ሙሉ ይደውላሉ። ሰኞ ጠዋት ሁሉም ነገር እየሠራ ታገኘዋለህ። ሂሳቡ የሚመጣው በወሩ መጨረሻ ነው፣ ከፋዩም ድርጅቱ ነው። የከፈሉ ድርጅቶች አውቃለሁ፤ አቤቱታቸውን የሰማላቸው የለም፣ ጥሪው የወጣው ከራሳቸው ሰርቨር ነውና።

ስለዚህ፦ ከቤት የሚሠራ ሰው ካለ በኦፕንቪፒኤን ወይም በዋየርጋርድ (የተመሰጠረ የግል መንገድ በሚከፍቱ ፕሮግራሞች) ይግባ፤ ብዙ የያሊንክና የግራንድስትሪም ስልኮች ኦፕንቪፒኤን ራሳቸው ይዘዋል። ይለፍ ቃሉ ሰርቨሩ የፈጠረው ረጅሙ ይሁን፣ አትቀይረው። «አኖኒመስ» እና «ጌስት» የሚሉትን (ያልታወቀ ደዋይ የሚያስገቡትን) ሁለቱንም ኖ አድርግ። ፌይልቱባን (ይለፍ ቃል ደጋግሞ የሚስተውን አድራሻ የሚያግደው) ይብራ። በ00 የሚጀምር ጥሪ ያለ ፒን አይውጣ፤ ድርጅቱ ወደ ውጭ የማይደውል ከሆነ አቅራቢው ራሱ እንዲዘጋው በዚያው ደብዳቤ ጠይቅ። ትራንኩ ላይ የሚወጡ ጥሪዎችን ጣሪያ ስጣቸው፤ ለ18 ስልክ 6 ይበቃል።

የውጭ ጥሪ ካነሣን፣ «ጂኤስኤም ጌትዌይ (የሞባይል ሲምን ከስልክ ሰርቨሩ ጋር የሚያገናኝ ሳጥን) በሲም ካርድ ብናስገባስ» ብለህ ነበር። ከውጭ አገር በኢንተርኔት የመጣ ጥሪን በአገር ውስጥ ሲም ማሳለፍ በቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 የሚያስጠይቅ ነው። ለቢሮ ሥራ ብቻ እንኳ ቢሆን ዕቃው ከኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ እንዳለው ሳታረጋግጥ አትግዛ።

ሌሎቹን በአጭሩ ልበል። ኤክስቴንሽን በ9 ወይም በ8 አትጀምር፤ 991 ፖሊስ፣ 939 እሳት አደጋ፣ 907 አምቡላንስ ነው፣ ባለ አራት አሃዝ አጭር ቁጥሮችም በ8 የሚጀምሩ ሞልተዋል። ከ201 ጀምር። ከሚወጡት ጥሪዎች በ09፣ በ07 እና በ011 የሚጀምሩትን ለየብቻ ጻፍ፤ ሦስቱ አጭር የአደጋ ቁጥሮች ያለ ምንም ፒን ይውጡ፣ ሞክራቸውም።

የሥራ ሰዓት ስትሞላ ማሽኑ የሚያውቀው በፈረንጅ ነው። ጠዋት 2:30 ለእሱ 8:30፣ ማታ 11:30 ደግሞ 17:30 ነው። ታይምዞኑ አፍሪካ አዲስ አበባ መሆኑን በሰርቨሩም በፍሪፒቢኤክስ ገጹም ለየብቻ እይ። የበዓላት ቀን በየዓመቱ በእጅ ይታረም፦ እንቁጣጣሽ በፈረንጅ ሴፕቴምበር 11 ቢሆንም በየአራት ዓመቱ 12 ይውላል፣ ጥምቀትም እንዲሁ ከ19 ወደ 20 ይሄዳል፣ ፋሲካና የሙስሊም በዓላት ደግሞ ይዞራሉ። ይህ ካልታረመ በበዓል ቀን የሚደውል ደንበኛ «እባክዎ ይጠብቁ» እየተባለ ባዶ ቢሮ ይጠራል።

የአማርኛ ድምፅ ስትቀዳ 8 ኪሎኸርዝ፣ 16 ቢት፣ ሞኖ ዌቭ አድርገው። በስልክ ቀድተህ የመጣውን ፋይል ቀጥታ አትጫን፤ በኦዳሲቲ ቀይረው።

መብራት። ዩፒኤሱ ላይ ሰርቨሩን ብቻ ሳይሆን የፋይበሩን ሳጥን፣ ፒኤፍሴንሱንና ለስልኮቹ መብራት የሚሰጠውን ስዊች አንድ ላይ አድርግ፤ ሰርቨሩ በርቶ ስዊቹ ከጠፋ ምን ጥቅም አለው? ባዮስ ገብተህ መብራት ሲመለስ ራሱ እንዲነሣ አድርግ። ኮንፊጉን በእጅ የምትጽፍ ከሆነ ደግሞ ይህን ልብ በል፦ በይለፍ ቃል የሚመዘገብ ትራንክ አስተሪስክ ውስጥ በየ60 ሰከንዱ 10 ጊዜ ብቻ ሞክሮ ያቆማል። ፋይበሩ ከ10 ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ከተመለሰ ትራንኩ ሰው እስኪነካው ድረስ ሞቶ ይቀራል። «ማክስ ሪትራይስ» የሚለውን 10000 አድርገው።

ለድምፅ ጥራት፦ በጂ711 አንድ ጥሪ በእያንዳንዱ አቅጣጫ 87 ኪሎቢት ያህል ይወስዳል፤ 6 ጥሪ ግማሽ ሜጋ ብቻ ነው። በተለየው ቪላን ስለሚሄድ ከኢንተርኔቱ ጋር ላይሻማ ይችላል፤ አሁንም ከቆራረጠ የፒኤፍሴንስህን ሊሚተር (የፍጥነት መገደቢያ) እናያለን።

ሁለተኛውን ካርድ ካስገባህ በኋላ ካልሆነልህ 200 ኦኬውን በጽሑፍ እዚህ ለጥፈው፤ የይለፍ ቃልና የደንበኞችህን ስልክ ቁጥር ግን ሰርዘህ።