የጎረቤት ግቢ «ተፈጥሯዊ» ፀረ-ተባይ እና የሞቱት ዓሦች

ጥያቄ፦ ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ነዋሪ ነኝ። በግቢዬ ባለች የሲሚንቶ ኩሬ ውስጥ 30 ያህል ቀያይ ዓሦችና ጥቂት ቆሮሶዎች ነበሩኝ፤ እንቁራሪቶችም በክረምት እየመጡ ይራቡባት ነበር። ባለፈው ሰኞ አመሻሽ ላይ፣ ከበላዬ ያለው ጎረቤቴ የቀጠረው ሰው በጽጌረዳዎቹ ላይ የወጣውን ክሽክሽ ለማጥፋት ከብርብራ ፍሬና ከፓይረትረም አበባ የተዘጋጀ ፈሳሽ ረጨ። ሌሊቱን ዘነበ። ጠዋት ስነሳ ዓሦቹ በሙሉ ሞተው ተንሳፍፈዋል፤ የእንቁራሪት ግልገሎችም አልተረፉም። ሁለት ዓሦች በፌስታል ጠቅልዬ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጫለሁ። ጎረቤቴ «ከዕፅዋት የተሠራ ነው እንጂ ኬሚካል አይደለም፤ መርዝ ሊባል አይችልም» ይለኛል። ካሣ መጠየቅ እችላለሁን?

መልስ፦ አዎን፣ ይችላሉ። ሁለቱን ዓሦች ማስቀመጥዎም ትልቅ ማስተዋል ነው፤ ምክንያቱን ወደኋላ እገልጻለሁ።

ጎረቤትዎ ያነሱት መከራከሪያ ዘወትር የሚሰማ ቢሆንም አያስኬድም። የብርብራ ፍሬ ሮቴኖን የተባለ ንጥረ ነገር አለው። ሰው ቢውጠው ከአንጀቱ ወደ ደሙ የሚያልፈው ጥቂቱ ብቻ ሲሆን፣ ዓሣ ግን በስንጥቡ በኩል በቀጥታ ወደ ደሙ ስለሚያስገባው ሕዋሳቱ ኦክስጅን መጠቀም ይሳናቸዋል። ፓይረትረምም እንዲሁ የሰው ጉበት ቶሎ ሰባብሮ የሚያስወግደው፣ ዓሣ ግን ለማስወገድ አቅሙ የሚያንሰው ነገር ነው። ገና እግር ያላበቀሉ የእንቁራሪት ግልገሎችም በስንጥብ ስለሚተነፍሱ ከአደጋው አያመልጡም። ፓይረትረም በፀሐይ ብርሃን ቶሎ ይፈርሳል መባሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን አመሻሽ ላይ ተረጭቶ ሌሊቱን በዝናብ ታጥቦ ኩሬዎ የገባው ፈሳሽ ፀሐይ አላገኘውም። እናቶቻችን ልብስ ያጠቡበት እንዶድ እንኳ ከዕፅዋት ነው፤ ሳይንቲስቱ አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ያስተዋሉት፣ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ሥፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው መገኘታቸውን ነበር።

ወደ ሕጉ ስንመጣ፣ የፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ፀረ-ተባይን የሚተረጉመው በአገልግሎቱ፣ ማለትም ተባይን ለማጥፋት ወይም ለመከላከል የታሰበ በመሆኑ እንጂ ከፋብሪካ ወይም ከዛፍ በመምጣቱ አይደለም። ስለዚህ ፈሳሹ ከገበያ የተገዛ ከሆነ የተመዘገበ መሆን አለመሆኑን ይጠይቁ፤ ካልተመዘገበ ግልጽ የሕግ ድንጋጌ መጣሱ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2035 መሠረት ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። በቤት ውስጥ ተወቅጦ የተዘጋጀ ከሆነ ግን ይህ ነጥብ ይደክማል።

ይሁንና የክስዎ ዋና ምሰሶ ከውል ውጭ ኃላፊነትን የሚመለከተው አንቀጽ 2028 ሊሆን ይገባል፤ ይኸውም በጥፋቱ በሌላው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው ጉዳቱን የመካስ ግዴታ አለበት የሚለው ነው። ጥፋት በቸልተኝነትም ይፈጸማል። በእኔ እምነት ጎረቤትዎን ከሁሉ ይበልጥ የሚያስጨንቃቸው ጥያቄ ይህ ነው፦ ብርብራ በገጠራችን ፍሬው ተወቅጦ ወንዝ ውስጥ ተበትኖ ዓሣ የሚያዝበት መሆኑ ከጥንት ጀምሮ እየታወቀ፣ ዝናብ ባረገዘ ሰማይ ሥር፣ ከኩሬ በላይ ባለ ተዳፋት ላይ መርጨት የጠንቃቃ ሰው ሥራ ነውን? መርዛማ ነገር በመጠቀም ሌላውን ከተለመደው ውጭ ለሆነ አደጋ ያጋለጠን ሰው ያለ ጥፋትም ቢሆን ተጠያቂ የሚያደርገው አንቀጽ 2069 በአማራጭነት ሊጠቀስ ይችላል። ነገር ግን የአንድ ግቢ ርጭት «ከተለመደው ውጭ የሆነ አደጋ» ስለመሆኑ ፍርድ ቤቱን ማሳመን ቀላል ስለማይሆን፣ ክስዎን በእሱ ላይ ብቻ እንዳያንጠለጥሉ እመክራለሁ።

የረጨው ሰው በጎረቤትዎ ትእዛዝ ሥር የሚሠራ ተቀጣሪ ከሆነ አሠሪው በአንቀጽ 2130 ይጠየቃሉ። ራሱን ችሎ የሚሠራ ባለሙያ ከሆነ አንቀጽ 2134 ጎረቤትዎን ከእርሱ ጥፋት ነፃ ሊያደርጋቸው ስለሚችል፣ ሁለቱንም አጣምሮ መክሰስ ይሻላል።

እንቁራሪቶቹን በተመለከተ፣ ራሳቸው የመጡ የዱር እንስሳት ስለሆኑ የእርስዎ ንብረት አይደሉም፤ በስማቸውም ካሣ አይጠየቅም። ሕጉ ግን አልተዋቸውም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንኛውም ሰው፣ የግል ጥቅሙ መነካቱን ማሳየት ሳያስፈልገው፣ በብክለት ላይ ለሚመለከተው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም በውሳኔው ካልተስማሙ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል።

አሁን ስለ ማስረጃ። ተከላካዩ ወገን «ዓሦቹ ኦክስጅን አጥሯቸው ወይም በቧንቧ ውኃ ክሎሪን ሞቱ» ማለቱ አይቀርም። በሮቴኖን የተመረዘ ዓሣ ወደ ላይ ወጥቶ አፉን እየከፈተ ስለሚያጣጥር፣ ኦክስጅን ካጠረው ዓሣ በዓይን መለየት ያስቸግራል፤ ፍሪዘር ውስጥ ያሉት ሁለት ዓሦች ዋጋቸው እዚህ ላይ ነው፤ በላቦራቶሪ ተመርምረው የሞታቸውን ምክንያት ሊያሳዩ ይችላሉና። ኩሬውን ገና ካላጠቡት፣ ዛሬውኑ ሁለት ምስክሮች ባሉበት ውኃውን በንጹሕ የብርጭቆ ጠርሙስ ቀድተው፣ ብርሃን እንዳያፈርሰው በጨለማ ጨርቅ ጠቅልለው ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጡ። ጎርፉ ከአጥሩ ሥር የገባበትን ቦታ፣ የተረጩትን ጽጌረዳዎችና ከተገኘ የዕቃውን ላቤል ፎቶ ያንሱ። የዓሦቹን መግዣ ደረሰኝም ይፈልጉ፤ ካሣው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል ስለሆነ ያለ ዋጋ ማስረጃ የሚገኘው ትንሽ ነው። የይርጋው ጊዜ፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ፣ በአንቀጽ 2143 መሠረት ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ 2 ዓመት ነው።

ማስረጃውን ከያዙ በኋላ ግን አስቀድመው የሰፈር ሽማግሌ ቢልኩ አይከፋም። ዕርቅ ከወረደ በቃል ብቻ እንዳይቀር በጽሑፍ ይስፈርና ምስክሮች ይፈርሙበት፤ ከካሣው መጠን ጋርም ጎረቤትዎ ወደፊት ከመርጨታቸው ከአንድ ቀን በፊት እንዲያሳውቁዎት፣ በአጥሩ ሥርም ጎርፉን ወደ መንገዱ ቦይ የሚመልስ መከተሪያ በራሳቸው ወጪ እንዲያሠሩ የሚል አንቀጽ ይግባበት።