የመዋኛ ገንዳ ለማሠራት ከመወሰንዎ በፊት የፍተሻ ጉድጓድ ያስቆፍሩ

ጥያቄ፦ በግቢያችን ውስጥ ርዝመቱ 8፣ ወርዱ 4 ሜትር የሆነ የመዋኛ ገንዳ ለማሠራት አስበናል። አፈሩ ጥቁር ነው፤ በክረምት ይጨቀያል፣ በበጋ ይሰነጣጠቃል። ያነጋገርነው ግንበኛ ግድግዳውን በብሎኬት ሠርቶ በልስን ውሃ እንዳያሳልፍ እንደሚያደርገው፣ ክረምት ሲገባም ውሃውን አፍስሰን ባዶውን ብንተወው ወጪ እንደምንቆጥብ ነግሮናል። ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉን። እናሠራ ወይስ ይቅርብን?

መልስ፦ በተነገርዎት መንገድ ከሆነ አያሠሩ። ገንዳ ማሠራቱን መቃወሜ አይደለም፤ ነገር ግን የብሎኬት ግድግዳውም ሆነ ገንዳውን በክረምት ባዶ መተዉ እርስዎ በገለጹት አፈር ላይ ሥራውን የሚያበላሹ ናቸው፤ የከፋው ደግሞ ወጪ ይቆጥባል የተባለው ነው።

ብዙ ሰው የሚፈራው ውሃው ከገንዳው ወደ ውጭ እንዳይሰርግ ነው። ዝናብ ሲበዛ ግን በአፈሩ ውስጥ የሚጠራቀመው ውሃ ገንዳውን ከሥር ወደ ላይ ይገፋዋል። ይህ ውሃ ከወለሉ ሥር በላይ 1 ሜትር ከፍ ካለ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ የሚያሳድረው ግፊት 1 ቶን ያህል ሲሆን፣ 20 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የአርማታ ወለል ግን በካሬ ሜትር ግማሽ ቶን ገደማ ብቻ ይመዝናል፤ የግድግዳው ክብደት ቢታከልበትም፣ በተለይ ግድግዳው ክፍት ብሎኬት ከሆነ፣ የሚያስተማምን ትርፍ አይገኝም። ገንዳው ሙሉ ሲሆን የውስጡ ውሃ ግፊቱን ያመዛዝነዋል፤ ባዶ ሲሆን ግን ወለሉ ሊሰነጠቅ፣ አንዳንዴም ገንዳው እንዳለ ከቦታው ተነሥቶ ቧንቧዎቹን ሊበጥስ ይችላል። ስለዚህ ገንዳ ክረምቱን ሞልቶ ይከርማል እንጂ ባዶውን አይቀመጥም። ለጥገና መድረቅ ካለበት በበጋ ይደረግ፤ የሥሩ ግፊት ሲበረታ ውሃውን ወደ ገንዳው ውስጥ የሚያስተነፍስ ቫልቭም የወለሉ አርማታ ሲሞላ አብሮ ይቀበር።

ጥቁር አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ይህ መለዋወጥ ግድግዳውን በየዓመቱ አንዴ ይገፋዋል፣ አንዴ ይለቀዋል። የብሎኬት ግድግዳ በየመጋጠሚያው ደካማ ስለሆነ ይህን አይችልም፤ ላዩ ላይ የተለሰነው ውሃ መከላከያም ግድግዳው ሲሰነጠቅ አብሮት ይሰነጠቃል። የሚያስፈልግዎት የወለሉና የግድግዳው ፌሮ አንድ ላይ የታሰረ፣ በመዋቅር መሐንዲስ ዲዛይን የተደረገ አርማታ ነው፤ ከሥሩና ከጎኑ ያለው ጥቁር አፈርም ተቆርጦ ወጥቶ በማያብጥ ሰሌክት ማቴሪያል (ተመርጦ በሚመጣ የሙሌት አፈር) መተካት አለበት። የሚወጣውን አፈር ጭኖ ማስወገድ ራሱን የቻለ ወጪ ስለሆነ በዋጋ ማቅረቢያው ውስጥ መካተቱን ያረጋግጡ።

ይህ ሁሉ ምን ያህል እንደሚከብድ የሚነግርዎ የፍተሻ ጉድጓድ ነው። ዝናቡ ገና ሳያባራ፣ ገንዳው ሊያርፍበት ከታሰበው ጥልቀት 1 ሜትር ያህል የሚያልፍ ጉድጓድ ያስቆፍሩ፤ ልጆች ስላሉ አፉን በጠንካራ ነገር ያስከድኑት። በማግሥቱና ከዚያም በኋላ ባሉት ቀናት ውሃው የት ድረስ እንደወጣ ይለኩ። ደረቅ ከሆነ ሥራው ቀለል ይላል። ውሃው ከታሰበው ወለል በላይ ከቆመ ግን ገንዳው ዙሪያውን በጠጠርና በተበሳ ቧንቧ የሚሠራ የውሃ ማፋሰሻ ያስፈልገዋል፤ የግቢው ተዳፋት ውሃውን ራሱ የማያስወጣው ከሆነ ደግሞ ክረምቱን ሙሉ የሚጠባበቅ ፓምፕ ይጨመርበታል። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን በዚህ ጊዜ የተቆፈረ ገንዳን ትቼ ከመሬት በላይ የሚቆም ገንዳ እመርጣለሁ። ቁፋሮው ከቤቱ መሠረት ግርጌ በ45 ዲግሪ ወደ ታች ከሚሰመር መስመር በታች መግባት እንደሌለበትም ለመሐንዲሱ አስቀድመው ያንሱለት።

መሬቱ ከፈቀደ ቀጣዩ ጥያቄ ውሃው ነው። አማካይ ጥልቀቱን 1.4 ሜትር ብናደርገው ገንዳው 45,000 ሊትር ገደማ ይይዛል፤ በደቂቃ 20 ሊትር የሚሰጥ ቧንቧ ይህን ለመሙላት 37 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። በአግባቡ የተያዘ ውሃ ቶሎ ቶሎ አይቀየርም፤ ሆኖም በሞቃትና ነፋሻማ ቀን 5 ሚሊ ሜትር ቢተን ከ32 ካሬ ሜትር ላይ 160 ሊትር ይሄዳል። መክደኛ ሸራ የዚህን አብዛኛውን ስለሚያስቀር ከጌጥ መብራቱ በፊት እርሱን ይግዙ።

ፓምፑ ሙሉውን ውሃ ከ6 እስከ 8 ሰዓት በሚፈጅ ጊዜ ውስጥ በአሸዋ ማጣሪያው ማሳለፍ ይኖርበታል። 750 ዋት የሚስብ ፓምፕ በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ 6 ኪሎ ዋት ሰዓት ይቆጥራል። ክሎሪኑ በሊትር ከ1 እስከ 3 ሚሊ ግራም፣ ፒኤቹ (የውሃው አሲድነት መለኪያ) ከ7.2 እስከ 7.8 መሆኑ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ሦስት ጊዜ ይለካል፤ ፒኤቹ ከ8 ካለፈ ክሎሪን ቢጨምሩም ኃይሉ በጣም ይቀንሳል። የተለያየ ዓይነት ክሎሪን እርስ በርሱም ሆነ ከአሲድ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀል። ከቤተሰቡ ይህን ሥራ በስሙ የሚረከብ ሰው ከሌለ ወይም ቋሚ ባለሙያ ለመቅጠር ካላሰቡ፣ አፈሩ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ይቅርብዎት እላለሁ።

ስለ ልጆቹ ድርድር የለም። ገንዳው በአራቱም በኩል ቢያንስ 1.2 ሜትር ከፍታ ባለው፣ ለመውጣት መረገጫ በሌለው አጥር ይታጠር፤ የቤቱ ግድግዳ እንደ አንድ ጎን አይቆጠር፣ ምክንያቱም ልጅ በሳሎን በር በኩል ይወጣልና። የአጥሩ በር ወደ ውጭ የሚከፈት፣ ራሱን የሚዘጋና የሚቆልፍ ይሁን። ፓምፑ ውሃ የሚስብባቸው የወለል መምጠጫዎች ሁለት ሆነው ተራርቀው ይቀመጡ፤ አንዱ በሰው አካል ቢደፈን ሌላው ስለሚስብ ሰው ተጣብቆ አይቀርም። የኤሌክትሪክ መስመሩ ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ መስመሩን ወዲያው በሚያቋርጥ 30 ሚሊ አምፔር የፍሳሽ ጅረት መቁረጫ ይጠበቅ፤ የውሃ ውስጥ መብራቱ ከ12 ቮልት አይበልጥ።

ለማሠራት ከወሰኑ ሴራሚኩ ከመለጠፉ በፊት ገንዳው ተሞልቶ እንዲፈተሽ በውሉ ያስገቡ። አርማታው ጥንካሬውን ይዞ፣ ጥቂት ቀን ውሃ ከጠጣ በኋላ፣ አንድ ባልዲ በገንዳው ደረጃ ላይ አቁመው የውስጡን ውሃ ከገንዳው ጋር እኩል ያድርጉትና ሁለቱንም ምልክት ያድርጉባቸው። ፓምፑ ሳይሠራ ከ24 ሰዓት በኋላ ሁለቱ እኩል ከወረዱ የቀነሰው በትነት ነው፤ ገንዳው ከባልዲው የበለጠ ከወረደ ግን ስርገት ስላለ ቦታው ተገኝቶ እስኪጠገን ድረስ ቀጣዩን ክፍያ አይልቀቁ።