አፉን እስኪፈታ?

በዚህ ሳምንት ስለ ጨቅላ ሕፃናት ጆሮ የሚጠይቁ በዝተውብኛል። አራቱን መረጥኩ።

ጥያቄ፦ ልጄ 7 ወሩ ነው። በር ሲጋጭ ድንግጥ ይላል። ይሰማል ማለት ነው አይደል? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ እህቴ፣ በዚህ ብቻ አይታወቅም። በር ሲጋጭ አልጋውም ይነቃነቃል፤ ያስደነገጠው ንዝረቱ ሊሆን ይችላል። ከባድ ድምፅ እየሰማ ንግግር የማይሰማ ልጅም አለ። እኔ ራሴ አንዴ ከእህቴ ልጅ ኋላ ሆኜ አጨበጨብኩ። ዞር ሲል «ሰማ!» ብዬ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ለካ ግድግዳው ላይ ጥላዬን አይቶ ነው። በ7 ወሩ ሳያይሽ በቀስታ ስትጠሪው ወደ ድምፅሽ መዞር አለበት። ካልዞረ አንገት በላይ ሐኪም ጋ ውሰጂው።

ጥያቄ፦ ልጃችን በተወለደች ማግስት በመሣሪያ ተመርምራ «አላለፈችም» ተባልን። እንቅልፍ አጣን። (ባልና ሚስት፣ አዲስ አበባ)

መልስ፦ ተኙ፤ ቀጠሮውን ግን እንዳትረሱ። መሣሪያው በለስላሳ ጫፉ ድምፅ ይልክና የውስጥ ጆሮ የሚመልሰውን ደካማ ማሚቶ ይቀዳል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጆሮ ውስጥ የቀረ ፈሳሽ ወይም ለቅሶ ውጤቱን ያበላሻል። ስለዚህ ይደገማል። ጡት ጠብታ ስትተኛ ቢሆን ይመረጣል። ሐኪሞች 1-3-6 የሚሉት ስሌት አለ፦ ምርመራ እስከ 1 ወር፣ ችግሩን ማረጋገጥ እስከ 3፣ እርዳታ መጀመር እስከ 6።

ጥያቄ፦ የ1 ወር ልጄን ላስመረምር ብል ጤና ጣቢያችን መሣሪያው የለውም። አማቴ ደግሞ «አባቱም አፉን የፈታው በ4 ዓመቱ ነው፤ ምን ያስቸኩልሻል?» ይሉኛል። (ከጎንደር ዙሪያ)

መልስ፦ አማትሽን አከብራለሁ፤ 4 ዓመት ግን አይጠበቅም። ልጅ አፉን የሚፈታው በጆሮው የሰማውን ይዞ ነው፤ ያውም ከመጀመሪያዎቹ ወራት ጀምሮ። መሣሪያው አብዛኛው ጤና ጣቢያ የለም። ናይጄሪያ፣ ሌጎስ ውስጥ ቢሲጂ (የሳንባ ነቀርሳ ክትባት) ሊከተቡ የመጡ ሕፃናትን እዚያው መመርመር ተሞክሯል። ቤት የተወለደውም ለክትባት ይመጣልና ለእኛም የሚያዋጣው እሱ ይመስለኛል። እስከዚያው በ45 ቀኑ ክትባት ለሲስተሯ ሁሉንም ንገሪያት፦ ያለ ቀኑ ተወልዶ ወይም ማሞቂያ ክፍል ተኝቶ ከሆነ፣ ቢጫነቱ ከብዶ ከነበረ፣ ማጅራት ገትር ይዞት ከነበረ፣ ጄንታሚሲን የሚባለውን አንቲባዮቲክ ከተወጋ፣ በዘር መስማት የተሳነው ካለ። አንዱ ካለ ሪፈር እንድትጽፍልሽ ጠይቂያት። «እንጥሉ ይቆረጥ» የሚል ከመጣ ግን ልጅሽን ይዘሽ ውጪ።

ጥያቄ፦ ጆሮው ውስጥ የጡት ወተት ጠብ ቢደረግለትስ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ወተቱ ለሆዱ ነው።