ገጹ ይከፈታል፣ ምዝገባው ግን አይገባም

እንደ ጻፉልኝ ከሆነ፣ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌና ወደ ጣና ደሴቶች የሚሄዱ እንግዶች የጀልባ ቦታ የሚይዙበት ድረ ገጽዎ ይከፈታል፤ የጀልባዎቹ ዝርዝር፣ የመነሻ ሰዓቱና ዋጋውም በትክክል ይታያል። እንግዳው ቅጹን ሞልቶ የመጨረሻውን ቁልፍ ሲጫን ግን ገጹ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ምዝገባውም የትም አይቀመጥም። እርስዎ ራስዎ በሲፓነል (በድረ ገጹ መቆጣጠሪያ ፓነል) በኩል ፒኤችፒማይአድሚንን፣ ማለትም የምዝገባዎቹን ዳታቤዝ (የመረጃ ቋት) የሚያሳየውን መሣሪያ፣ ከፍተው ምዝገባው በሚቀመጥበት ሰንጠረዥ ላይ አንድ መስመር በእጅዎ ሲያስገቡ ደግሞ ያለ አንዳች ተቃውሞ ይቀበልዎታል። ሊያዩልዎ የመጡት ባለሙያም «ሰርቨሩ አልቻለም፤ ከፍ ያለ ጥቅል ይግዙ» ብለው ሄደዋል።

ጥቅል አይግዙ። ሰርቨር ማለት ድረ ገጹ ያለበት ኮምፒውተር ነው፤ የደከመ ከሆነ ዝርዝሩንም ያዘገያል፣ አንዱን ምዝገባ ተቀብሎ ሌላውን ይጥላል። የእርስዎ ድረ ገጽ ግን ሁልጊዜ ያነባል፣ አንድም ጊዜ አይጽፍም። እንዲህ ያለ ወጥ እምቢታ ባየሁ ቁጥር በመጀመሪያ የምከፍተው የዳታቤዝ ተጠቃሚዎችን ገጽ ነው። ተጠቃሚ ስል ገጹም ሆነ ሰው ወደ ዳታቤዙ የሚገባበትን፣ የራሱ የይለፍ ቃልና መብት ያለውን ስም ማለቴ ነው። ከስህተት መዝገቡ ገልብጠው የላኩልኝ መስመርም ጥርጣሬዬን አጽንቶልኛል፦ «1142፣ ኢንሰርት ኮማንድ ዲናይድ ቱ ዩዘር ጣናጀ_ሪፖርት አት ሎካልሆስት ፎር ቴብል ቡኪንግስ» ይላል፤ ከሎካልሆስት (ከዚያው ከሰርቨሩ) የመጣው ጣናጀ_ሪፖርት የተባለ ተጠቃሚ በምዝገባዎቹ ሰንጠረዥ ላይ መስመር እንዳያስገባ ተከልክሏል ማለት ነው። (ስሞቹ በፓነሉ ላይ በላቲን ፊደል ናቸው፤ እዚህ በእኛው ጽፌአቸዋለሁ።) ብዙ ሰው ከዚህ መስመር የሚያነበው ቁጥሩን ብቻ ነው። እኔን የያዘኝ ግን ስሙ ነው፤ ቦታ የሚያስይዝ ገጽ «ሪፖርት» በሚባል ተጠቃሚ ስም ምን ይሠራል?

ግምቴን ልንገርዎት። በደብዳቤዎ ግርጌ የጠቀሷት የሒሳብ ሠራተኛ ምዝገባዎቹን እንድታይ ብቻ ተብሎ፣ ከማንበብ በቀር ሌላ መብት የሌለው ተጠቃሚ በአንድ ወቅት ተፈጥሮላታል፤ ይህ መልካም አሠራር ነበር። በክረምት ገጹ በአዲስ ቴምፕሌት (አስቀድሞ በተዘጋጀ የገጽ ቅርጽ) ሲተካ፣ ገጹ ይገባበት የነበረው የዋናው ተጠቃሚ የይለፍ ቃል ሳይገኝ ቀረ። ጠጋኙም አዲስ የይለፍ ቃል ከማውጣት ይልቅ፣ በእጁ ያገኘውን የሪፖርቱን ስምና ቃል ገጹ ከዳታቤዙ ጋር በሚገናኝበት የማዋቀሪያ ፋይል ላይ ለጠፈ፤ ገጹ ሲከፈት አየና ሒሳቡን ተቀብሎ ሄደ። ክረምት ስለ ነበር እንግዳ አልነበረም፤ ማንም ቅጹን አልሞላም። መስከረም ጠብቶ እንግዳው ሲመጣ ጉዱ ታየ። ተከፍተው ይታያሉና አልቀዋል ተብለው የተረከቡ እንዲህ ያሉ ሥራዎች በዓመት ብዙ ጊዜ ይገጥሙኛል፤ ቅጹን አንድ ጊዜ ሞልቶ መሞከር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

አሁን ምንም ነገር ከመንካትዎ በፊት የዳታቤዙን መጠባበቂያ ቅጂ ያውርዱ። በሲፓነል «ባክአፕ» በሚለው ክፍል የዳታቤዙን ስም ሲጫኑ የታመቀ ፋይል ይወርዳል። በራስዎ ኮምፒውተር ላይ ያስቀምጡት እንጂ በሰርቨሩ ላይ አይተዉት። መስመሩ መሐል ላይ ከተቆረጠ ፋይሉ ጎዶሎ ሆኖ ይወርዳልና ፈትተው የመጨረሻውን መስመር ይመልከቱ፤ አብዛኛውን ጊዜ «ዳምፕ ኮምፕሊትድ» የሚል ቃልና ቀን ይገኝበታል። ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። በሐይቁ ዳር ያለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ፣ ጠጋኙ ከዳታቤዙ ላይ አንድ ተጠቃሚ አነሣለሁ ብሎ ዳታቤዙን ራሱን ደመሰሰው። ገጹ ማረጋገጫ ሲጠይቀው ሳያነብ ተስማማ። ቅጂ አልነበረም፤ የሁለት ዓመት የእንግዳ መዝገብ በአንድ ጠቅታ ጠፋ። እኔ የተጠራሁት በማግሥቱ ነበር፤ ከማዘን በቀር ያደረግሁት ነገር የለም።

በዚህ ሥራ ላይ ከሁሉ አስቀድሞ መረዳት የሚገባው ነገር ስላለ ጥቂት ልቆይበት። ዳታቤዙ የሚመጣበትን ሰው የሚመረምረው በአንድ በር ላይ ብቻ አይደለም። እንግዶችዎን ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ስለሚወስዱ ነገሩ ለእርስዎ እንግዳ አይሆንም። በመጀመሪያ የግቢው በር አለ፤ በዚህ በር የሚጠየቀው ስም፣ የይለፍ ቃልና የመጡበት ስፍራ ነው። አንዱ ከተሳሳተ ስህተቱ 1045 ይባላል፤ በሩ ላይ ተመለሱ ማለት ነው። ግቢው ውስጥ ከገቡ በኋላ ወደዚህኛው ዳታቤዝ ለመግባት ጭራሽ ካልተፈቀደልዎ ስህተቱ 1044 ነው፤ ግቢ ገብተው የቤተ ክርስቲያኑን በር እንዳያልፉ እንደ መከልከል ነው። ሦስተኛው እምቢታ በውስጥ የሚገጥመው ነው። ጎብኚ ጫማውን አውልቆ ይገባል፣ በመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያ ያለውን ሥዕል እስኪጠግብ ያያል፣ ወደ መቅደሱ ግን አይዘልቅም፤ እዚያ የሚገቡት ካህናቱ ብቻ ናቸው። 1142 ይህ ነው። የእርስዎ ገጽ በሩን ሁሉ አልፎ ሥዕሉን እያየ ነው፤ ዝርዝሩና ዋጋው የሚታየው ለዚህ ነው። አንዲት መስመር ልጻፍ ሲል ግን ይመለሳል። እርስዎ በፒኤችፒማይአድሚን ሲገቡ የተቀበለዎትም በሲፓነል በኩል የሚገቡት በአካውንቱ ባለቤት ስም ስለ ሆነ ነው፤ በዚያ በኩል እርስዎ ካህኑ ነዎት። ስለዚህ «በፒኤችፒማይአድሚን ይሠራል» የሚለው ማስረጃ ስለ ድረ ገጹ ተጠቃሚ አንዳች አይነግረንም። እዚያው «ሾው ግራንትስ» (መብቶቹን አሳይ) ብለው ቢጠይቁም የሚዘረዝርልዎ የሚሠሩበትን ስም መብት እንጂ የገጹን አይደለም። በዚህ ላይ ማይኤስኪውኤል፣ ማለትም ዳታቤዙን የሚያስተዳድረው ፕሮግራም፣ ተጠቃሚን የሚለየው በስሙና በመጣበት ስፍራ አንድ ላይ ነው፤ ከሎካልሆስት የመጣ «ሳይት» እና ከውጭ የመጣ «ሳይት» በእርሱ ዘንድ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ መብታቸውም፣ የይለፍ ቃላቸው ሳይቀር፣ ሊለያይ ይችላል። ስም ብቻ አይቶ «መብት ሰጥቼዋለሁ እኮ» የሚል ጠጋኝ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ወደ ሥራው እንግባ። በፋይል ማኔጀር የማዋቀሪያውን ፋይል ይክፈቱና በውስጡ ያሉትን አራት መስመሮች ይፈልጉ፦ የዳታቤዝ ስም፣ የተጠቃሚ ስም፣ የይለፍ ቃልና አድራሻ። የተጠቃሚው ስም «ጣናጀ_ሪፖርት» ከሆነ ግምቴ ልክ ነበር ማለት ነው። ቀጥሎ «ማይኤስኪውኤል ዳታቤዝስ» ወደሚለው ገጽ ይሂዱ። የዳታቤዞቹ ሠንጠረዥ ውስጥ ከእያንዳንዱ ዳታቤዝ ትይዩ የተፈቀደላቸው ተጠቃሚዎች ተዘርዝረዋል፤ ዋናው ተጠቃሚ በዚያ ካለ ስሙን ይጫኑ፣ የመብቶቹ ገጽ ይከፈታል። ከስሙ አጠገብ ያለችውን የቆሻሻ ቅርጫት ምልክት አይንኩ፤ እርሷ ተጠቃሚውን ከዳታቤዙ ታላቅቀዋለች። በዚያው መስመር ዳር ያለው ማጥፊያ ደግሞ ዳታቤዙን ራሱን ያጠፋል። ቅጂውን ገና ካላወረዱ እዚህ ላይ ይቁሙና ያውርዱ።

ዋናው ተጠቃሚ ከዳታቤዙ ትይዩ ካልተዘረዘረ ወደ ታች ወርደው «አድ ዩዘር ቱ ዳታቤዝ» በሚለው ክፍል ያገናኙት። የይለፍ ቃሉ ስለ ጠፋ፣ በተጠቃሚዎቹ ዝርዝር ውስጥ «ቼንጅ ፓስወርድ» ብለው አዲስ ያውጡለትና ያንኑ ቃል በማዋቀሪያው ፋይል ላይ ይጻፉ፤ የተጠቃሚውን ስምም ከነቅድመ ቅጥያው፣ ማለትም ከአካውንቱ ስምና ከሥር መስመሩ ጋር፣ በሙሉ ይመልሱ። ፓነሉ ራሱ የሚያመነጨው ቃል የዶላር ምልክት ሊኖርበት ይችላል፤ ገጹ በተጻፈበት በፒኤችፒ ቋንቋ ፋይል ውስጥ በድርብ ትእምርተ ጥቅስ መሐል የገባ የዶላር ምልክት እንደ ተለዋዋጭ ስም ስለሚነበብ ቃሉ ይበላሻልና በነጠላው ጥቅስ ያስገቡት። አድራሻውን ሎካልሆስት እንዳለ ይተዉት።

ስለ መብቶቹ። አብዛኞቹ ጠጋኞች «ኦል ፕሪቪሌጅስ» (ሁሉም መብቶች) የሚለውን ሣጥን ምልክት አድርገው ይወጣሉ፤ ይሠራል፣ ነገር ግን አያስፈልግም። ለዕለት ሥራ ገጹ የሚፈልገው ሴሌክት፣ ኢንሰርት፣ አፕዴት እና ዲሊት (ማንበብ፣ ማስገባት፣ ማሻሻልና መሰረዝ) ነው። ክሪኤት፣ አልተር፣ ኢንዴክስ እና ድሮፕ (ሰንጠረዥ መፍጠር፣ መለወጥ፣ ማውጫ መሥራትና ማጥፋት) የሚያስፈልጉት ፕሮግራሙ ሲታደስ ነው፤ በዚያን ቀን ምልክት አድርገው ሲጨርሱ መልሰው ያንሷቸው። ሰንጠረዥን ጨርሶ ባዶ የሚያደርገው ትራንኬት የሚባለው ትእዛዝም የድሮፕን መብት ይጠይቃል። ከቅጽዎ ቀዳዳ የገባ ሌባ የሚችለው ተጠቃሚው የሚችለውን ያህል ብቻ ነውና፣ የድሮፕ ሣጥን ባዶ መሆኗ ቀላል ነገር አይደለም።

በዚህ ላይ ሳልናገር የማላልፈው ነገር፣ በፍላሽ እየተገለበጠ በጥቂት ብር የሚሸጠው የቦታ መያዣ ስክሪፕት (ትንሽ ፕሮግራም) ነው። አንዳንዱ ገጹ በተከፈተ ቁጥር ሰንጠረዥ ለመፍጠር ይሞክራል፤ የጻፈው ሰው ሠርቶ ያልጨረሰውን ሥራ በመብት ብዛት ይሸፍናል። የእርስዎ ከእነዚህ አንዱ ከሆነ በአራቱ መብቶች ብቻ 1142 እንደገና ይመጣል፤ ያን ጊዜ ግን ስህተቱ «ኢንሰርት» ሳይሆን «ክሪኤት» ይላል። መስመሩ የሚጠራውን አንዱን መብት ብቻ ይጨምሩ፤ ሁሉንም አይክፈቱ። የተሰነጠቀ (ያለ ፈቃድ የተገለበጠ) ቴምፕሌት የጫነልዎት ሰው ካለ ደግሞ መብቱን ከማብዛት ይልቅ ቴምፕሌቱን መለወጥ ይሻላል።

መብቱን ሲቀይሩ ገጹ ወዲያው ካልተቀበለ አይደንግጡ፤ አስቀድሞ የተከፈተ ግንኙነት አሮጌውን መብት ይዞ ጥቂት ሊቆይ ይችላል። ከዚያ በኋላ ቅጹን «ሙከራ» በሚል ስም ሞልተው ይላኩ፣ መስመሩ በሰንጠረዡ ውስጥ መግባቱን በፒኤችፒማይአድሚን ይዩና ይሰርዙት። በ1142 ፋንታ 1449 ከመጣ፣ ከቀድሞ ሰርቨር ተዛውሮ የመጣ ትሪገር (መስመር ሲገባ በራሱ የሚሠራ ትእዛዝ) ወይም ቪው (የተቀመጠ የንባብ ጥያቄ) የቀድሞውን ባለቤት ስም ይዞ ቀርቷል፣ ያ ሰው ግን እዚህ የለም ማለት ነው። ትሪገሩ የሚሠራው በዚያ ስም መብት ስለ ሆነ የተጠቃሚዎን ሣጥኖች ሁሉ ምልክት ቢያደርጉ አይረዳዎትም፤ ትሪገሩን አሁን ባለው ተጠቃሚ ስም እንደገና መፍጠር ነው ያለው። ትሪገሩን ከመሰረዝዎ በፊትም ቅጂው በእጅዎ መኖሩን ያረጋግጡ።

የቀረው የሒሳብ ሠራተኛዎ ጉዳይ ነው። ከሰርቨሩ ውጭ ማን ወደ ዳታቤዙ እንደሚመጣ በሚወስነው «ሪሞት ማይኤስኪውኤል» በሚለው ገጽ የመቶኛ ምልክት (%) ገብቶ አግኝቼዋለሁ ብለውኛል። ይህ ምልክት ከየትኛውም የዓለም ጥግ የሚመጣ ሰው በሩ ላይ ቆሞ የይለፍ ቃል እንዲሞክር ይፈቅዳል፤ በሩም ለሪፖርቱ ተጠቃሚ ብቻ ሳይሆን በአካውንትዎ ላሉት የዳታቤዝ ተጠቃሚዎች ሁሉ ተከፍቷል። ዛሬውኑ ያጥፉት። የእርሷን የኢንተርኔት አድራሻ ብቻ ልጻፍ ቢሉም የቤት መስመር አድራሻው በየጊዜው ስለሚለዋወጥ በሳምንቱ ይቆረጥባታል። የሪፖርቱ ተጠቃሚ ሴሌክት ብቻ ይዞ ይቆይ፤ የይለፍ ቃሉ በማዋቀሪያ ፋይልና በስንት ሰው ስልክ ስለ ዞረ ግን ይቀየር። ገጹ ላይ የሪፖርት ማውጫ እስኪሠራላት ድረስ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እርስዎ ራስዎ ከፒኤችፒማይአድሚን ሰንጠረዡን በሲኤስቪ አውጥተው ይላኩላት፤ በኤክሴል ከፍታ ትሠራበታለች።